ስለ ቴአትር ፕሮግራሞችና ስለ ሰብሳቢዎቻቸው

ሠዓሊ የሣለው ሥዕል ከግድግዳ ላይ ይቆያል፤ ደራሲ የጻፈው መጽሐፍም ባለቤቱ ቢሞት እንኳ ከመደርደሪያ ላይ ይከርማል። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው በሚዘጋበት ሰዓት አብሮ ያልቃል። ያው ተዋናይ በማግስቱ ያንኑ ቃል በዚያው መድረክ ላይ ቢናገር፥ ትናንት የታየው ነገር ተመልሶ መጣ ማለት አይቻልም። ስለዚህ የቴአትራችንን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው፥ ከጋዜጣ ወሬና ከሰው ትዝታ በቀር፥ የሚደገፍበት ነገር ጥቂት ነው፤ አንደኛው የተውኔቱ ጽሑፍ ነው፤ እርሱም ከተገኘ ነው። ሁለተኛው በአዳራሹ በር ላይ ለተመልካች ይታደል የነበረው፥ ፕሮግራም የምንለው አንድ ቅጠል ወረቀት ነው።

ተውኔቶቻችንን የሚመረምሩ ጸሐፊዎች አልጠፉም። ድርሰቱን ያመሰግናሉ፤ ቋንቋውን ይነቅፋሉ፤ ደራሲው ምን ማለቱ እንደሆነ ይከራከራሉ። ያን ወረቀት ግን እንደ አንድ የጽሑፍ ዐይነት ቆጥሮ የመረመረው ሰው አላጋጠመንም። ወረቀቱን ከወለል ላይ አንሥተው ወደ ቤታቸው የሚወስዱትን ወዳጆችማ፥ ብዙ ሰው እንደ ትርፍ ሥራ ፈላጊዎች አድርጎ ያያቸዋል። እኛ እንደዚህ አናይም። ነገር ግን ወረቀቱም ሰብሳቢውም ጉድለት የለባቸውም አንልም።

በመጀመሪያ አንባቢዎቻችን ወደ ጨርጨር አገር አብረውን እንዲወርዱ እንለምናለን። ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን የቆረቆሩት፥ የአውራጃው ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መሆናቸውን የማያውቅ የአገሩ ሰው ጥቂት ነው። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ማርቀቃቸውና በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው መከራከራቸውም የታወቀ ነው። እኒሁ ሰው ግን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን፥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሚባለውን ተውኔት የጻፉ ናቸው። ከላፎንቴን ተረቶች ላይ ተነሥተው፥ አራዊትን እያናገሩ የመንግሥትን ሥራ የሚነቅፍ ድርሰት አበጁ፤ በአዲስ አበባም በቴራስ ሆቴል ለመኳንንቱ ታየ። ከዚያም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ።

የታየበት ዓመት መቼ ነው? ሊቃውንቱ እዚህ ላይ ይለያያሉ። አንዱ ወደ ልጅ ኢያሱ ዘመን ይስበዋል፤ ሌላው በ1913 ዓ.ም. ነው ይላል። በመካከሉ የመንግሥት ለውጥ፥ የሰገሌ ጦርነትና የአንድ ንጉሥ መሻር አለ! አራዊቱ የሚነቅፉት ቤተ መንግሥት የማን እንደነበረ የሚታወቀውም ዓመቱ ሲታወቅ ነውና፥ ይህ ስለ ቀን ቁጥር ብቻ የሚደረግ ጭቅጭቅ አይደለም፤ የድርሰቱ ትርጉም ያለበት ነው። በዚያች ማታ ከአዳራሹ የወጣ አንድ ሰው፥ ቀኑና ዓመቱ የተጻፈበት አንዲት ወረቀት አጥፎ በኪሱ ቢያስቀር ኖሮ፥ ክርክሩ በአንድ ቀን ባለቀ ነበር።

የዮፍታሔ ንጉሤም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። ከጻፏቸው ተውኔቶች የብዙዎቹ ጽሑፍ ጠፍቶአል፤ የቀረልን ስማቸውና በአዛውንት አፍ የሚነገረው ነው። ጽሑፉ ሲጠፋ ፕሮግራሙ ቢገኝ፥ ቢያንስ ስንት ገቢር እንደነበረው፥ ማን ማንን ሆኖ እንደተጫወተና ታሪኩ በአጭሩ ምን እንደሚል እናውቅ ነበር። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ከድርሰቱ የሚተርፈው አጽም ይኸው ነው።

ከጭሮ ወደ ሰሜን፥ ወደ ቆላው ሲወረድ አሰቦት ይገኛል። አሰቦትን የአገራችን ሰው የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከተራራው ላይ ባለው በደብረ ወገግ ገዳም፥ ሁለተኛው ከሜዳው ላይ በነበረው የምድር ባቡር ጣቢያ። የቴአትር አዳራሽ ግን ኖሯት አያውቅም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ፥ ዘፋኙም ተዋናዩም ጭምር፥ በመስኮት አይቷት ያልፍ ነበር እንጂ ለእርሷ ብሎ የሚወርድ አልነበረም። እንግዲህ በዚህች ከተማ ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር፥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሰበሰቧቸውን የቴአትር ፕሮግራሞች፥ የመግቢያ ቲኬቶችና የግድግዳ ማስታወቂያዎች በቆርቆሮ ሣጥን አድርገው አሳዩን። ቆርቆሮ ያደረጉት ምስጡን ፈርተው ነው። የቆላው ሙቀት ግን ቆርቆሮም አያግደውምና፥ ወረቀቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ሲነኩት ይሰበራል።

እኒህ መምህር ከሰበሰቧቸው ወረቀቶች የአብዛኞቹን ቴአትር በዐይናቸው አላዩም። ባቡሩ ሲቆም ከወዳጅ እጅ እየተቀበሉ፥ ለክረምት ትምህርት አዲስ አበባ የሄደውን ባልደረባ እየለመኑ፥ ወታደሩንም ነጋዴውንም «ቴአትር ገብተህ እንደሆነ ወረቀቷን አትጣልብኝ» እያሉ ነው ያከማቹት። ያላዩትን ቴአትር መውደድ ይቻላልን? አስቀድመን አይቻልም እንል ነበር የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ሣጥኑን ካየን በኋላ፥ ይህ ፍቅር የራሱ ጠባይ ያለው ነው ብለን እንፈርዳለን። በአዳራሹ የተገኘ ሰው ፕሮግራሙን የሚያነበው መብራቱ እስኪጠፋ ነው። እርሳቸው ግን አንዱን ገጽ ሃያ ጊዜ አንብበው፥ የተዋናዮቹን ስም ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው እየተከተሉ፥ ትናንት አሽከር ሆኖ የገባው ልጅ ከዓመታት በኋላ ንጉሥ ሆኖ መውጣቱን ደርሰውበታል። ይህን የሙያ ዕድገት ከተመልካቹ ይልቅ ያላየው ሰው አጥርቶ አወቀው።

ጉዳቱም በዚያው መጠን ነው። ያላዩትን በልባቸው እየሣሉ ስለ ኖሩ፥ ሲናገሩ እንዳየ ሰው ሆነው ነው። «እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል» ይላሉ፤ ማን ነገራቸው? ወረቀቱ አልነገራቸውም። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለውን ምስክርነት ሲቀበል፥ ከወረቀቱ የመጣውንና ከምኞት የመጣውን መለየት አለበት።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንመለስ። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ፥ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ሕንፃም በ1948 ዓ.ም. የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» መድረኩን ከከፈተ በኋላ ያለው ዘመን በእነዚህ ገጾች ላይ አሻራውን ትቶአል። ከአናቱ ላይ «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር» የሚለው ስም ይነበባል፤ ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ያው ቤት «ብሔራዊ ቴአትር» ይባላል። የቤቱን ስም ብቻ እያዩ የመንግሥቱን መለወጥ ማወቅ ይቻላል። በጥንቱ ጊዜ የሴቶችን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ ነበርና፥ «ወይዘሮ» የሚለው ማዕርግ ከገጸ ባሕርይው በኩል እንጂ ከተዋናዩ በኩል አይገኝም ነበር፤ በኋላ ግን «ወይዘሪት» የሚለው ቃል ከተዋንያኑ ረድፍ ውስጥ ገባ። ይህች አንዲት ቃል ከአንዱ ረድፍ ወደ ሌላው ስትሻገር ስንት የቤተ ሰብ ጠብ፥ ስንት ሐሜት፥ ስንት ድፍረት እንደ ጠየቀች ፕሮግራሙ አይነግረንም፤ መሻገሯን ግን ይመሰክራል።

ነቀፋችን የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ዕለቱን ይናገራሉ፤ «እሑድ ከቀኑ በ9 ሰዓት» ይላሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን ግን ይተዋሉ። ወረቀቱ የተጻፈው ለዚያች ቀን እንግዳ ነውና፥ ዓመቱን ለእርሱ መንገር እንደ ከንቱ ድካም ተቆጠረ። ከዚያው ከአሰቦት ሜዳ ቀና ብለው ቢያዩ፥ ተራራው ላይ የብራና መጻሕፍት የሚጠበቁበት ገዳም አለ። የጥንት ጸሐፊ ብራናውን ጽፎ ሲጨርስ ከመጨረሻው ላይ የራሱን ስም፥ ያስጻፈውን ሰው፥ ብዙ ጊዜም የነገሠውን ንጉሥና ዓመቱን ያኖር ነበር፤ የሚያነበው ሰው ገና ያልተወለደ መሆኑን ያውቃልና። አታሚ መኪናና ሰዓት ያለው የከተማ ቴአትር ቤት፥ በመቃ ብዕር ከሚጽፍ መነኩሴ በዚህ ነገር ማነሱ አያስመሰግነውም። የመብራት ሠራተኛው፥ ልብስ ሰፊው፥ መድረክ ሠሪው ስማቸው ሳይነሣ መቅረቱም ሌላው ጉድለት ነው። የደራሲው ስም በትልቁ፥ የተዋናዮቹ በመካከለኛው፥ የቀሩት ግን ጭራሽ በየትኛውም ፊደል አልተጻፉም።

ሆኖም አንዳንዱን ጉድለት የሞላው የወዳጁ እርሳስ ነው። በሣጥኑ ውስጥ ካየናቸው መካከል፥ ከታተመው ስም አጠገብ «ታሞ ሌላ ገባ» ተብሎ በእጅ የተጻፈበት፥ ከጀርባውም የሻይና የአውቶቡስ ሒሳብ የተደመረበት ወረቀት ነበረ። የታተመው ቃል ሊሆን የታሰበውን ይናገራል፤ በእርሳስ የተጻፈው ግን የሆነውን። ንጹሕ ወረቀት ብቻ የሚፈልጉ፥ የተጻፈበትን እንደ ተበላሸ ቈጥረው የሚጥሉ ሰብሳቢዎች ከዚህ ቢማሩ እንወዳለን። ከእነርሱ የባሱት ደግሞ የሚወዱትን ተዋናይ ፎቶግራፍ በመቀስ ቈርጠው አልበም ላይ የሚለጥፉና የቀረውን የሚጥሉ ናቸው። ከሣጥኑ ውስጥ መካከላቸው እንደ መስኮት የተቀደዱ አራት ወረቀቶች ወጥተዋል፤ መምህሩ ሲቀበሏቸው እንደዚያው ነበሩ። ፍቅሩ ለሰውዬው እንጂ ለሥራው አለመሆኑ ከዚህ በላይ በምን ይገለጣል?

በውጭ አገር ይህን የመሰለው ሥራ ምን እንደ ወለደ ለማስታወስ ያህል፥ በለንደን ገብርኤል ኤንቶቨን የተባሉ እመቤት ለዓመታት የለቀሙትን ከ80,000 በላይ የቴአትር ማስታወቂያና ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1924 ለቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሰጡ፤ ሰጥተውም አልተለዩትም፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ድረስ ወረቀቱን ሲመዘግቡ ኖሩ። በሞስኮም ባክሩሺን የተባለ የቆዳ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ እ.ኤ.አ. በ1894 ስብስቡን ለሕዝብ ከፈተ፤ በ1913ም ለሳይንስ አካዴሚ አስረከበ። ወጣቱ ተክለ ሐዋርያት ከዐድዋ ድል በኋላ ሩሲያ ሲገባ፥ ይህ ቤት በሩን ከከፈተ ጥቂት ዓመታት ብቻ ሆኖት ነበር። እነዚህን ሰዎች የምናነሣቸው በሀብታቸው አይደለም። ልባቸው ያረፈው በማከማቸቱ ላይ ሳይሆን በመመዝገቡ ላይ ስለሆነ ነው። ያልተመዘገበ ክምር ከሱቅ መጠቅለያ ብዙ አይለይም።

እንዲህ ያለ ሣጥን ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ይወሰድ የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውን እናከብራለን፥ ግን በሙሉ አንቀበለውም። ዋናው ወረቀት ምስጥና ሙቀት ከማያገኘው ቤተ መጻሕፍት ቢገባ መልካም ነው። ግልባጩ ግን በጭሮ፥ በሂርናና በገለምሶ ትምህርት ቤቶች መቅረት አለበት፤ የመጀመሪያው ተውኔት ደራሲ ያስተዳደሩት አገር ልጆች ስለ ቴአትር ሲማሩ ሁሉም ነገር ከሩቅ የመጣ መስሎ እንዳይታያቸው ነው። ደግሞም መምህሩ የሰበሰቡት በአማርኛ የተጻፈውን ብቻ ነው። ዛሬ በነዚሁ ከተሞች ተማሪዎች በአፋን ኦሮሞ አጫጭር ቴአትር ሲያሳዩ፥ በትምህርት ቤት ማባዣ የወጣችው ወረቀት በዚያው ቀን ተጠርጋ ትጣላለች። ለእርሷ ሣጥን ያዘጋጀላት ሰው ገና አላየንም፤ ይህን ለመምህሩም ነግረናቸዋል።

እርሳቸውም ነገሩን ሳይቀየሙ ሰሙን። ዓመተ ምሕረት የሌላቸውን ወረቀቶች ለብቻ ለይተው፥ ከጋዜጣ ቁራጭና ከባቡር ቲኬት ጋር እያስተያዩ ዓመቱን በእርሳስ ከጥጉ ላይ መጻፍ ጀምረዋል፤ እርግጠኛ ካልሆኑበት አጠገብ የጥያቄ ምልክት ያኖራሉ። በተሰናበትናቸው ቀን ከሣጥኑ ሲሶውን ያህል ጨርሰው ነበር።