ዛፍ የለመደ ሥር

ለንደን ውስጥ ኦርኪድ ከወተትና ከዳቦ ጋር ከሱፐርማርኬት የሚገዛ አበባ ከሆነ ቆይቷል። የኬንቲሽ ታውን ሀበሻም አራስ ሊጠይቅ ወይም አዲስ ቤት ለገባ ወዳጁ እንኳን ደስ አለህ ሊል ሲሄድ ነጩን ወይም ሐምራዊውን ያነሣል። ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ፋላኖፕሲስ የተባለው የኦርኪድ ዓይነት ነው፤ አበባው ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ከዚያ በኋላ ተክሉን የሚገድለው በአብዛኛው ጥማት ሳይሆን የባለቤቱ ደግነት ነው።

ይህ በደግነት የመግደል ስሕተት የቆየ ነው። ከኬንቲሽ ታውን ዌስት ጣቢያ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ባቡር በሚያልፍበት በሃክኒ፣ ሎዲጅስ የተባሉት አትክልተኞች እ.ኤ.አ. ከ1812 አካባቢ ጀምሮ ኦርኪድ ለገበያ ያለሙ ነበር። የዘመኑ እምነት ከቆላ የመጣ ተክል ሁሉ ትኩስና እርጥብ ቤት ይፈልጋል የሚል በመሆኑ፣ መስኮቱ በተዘጋና በእንፋሎት በታፈነ ክፍል ውስጥ እጅግ ብዙ ኦርኪድ በስብሶ ቀረ። በ1830ዎቹ የቻትስወርዝ አትክልተኛ ጆሴፍ ፓክስተን ነፋስ አስገባ፣ ሙቀቱንም እንደየዝርያው ለየ፤ ተክሎቹም ተረፉ።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በከፋና በጅማ የቡና ጥላ ዛፎች ላይ፣ ከዛፍ ሽበትና ከሐረግ መካከል ኦርኪድ ተጣብቆ ይበቅላል። ከዛፉ ምግብ አይወስድም፤ ቅርፊቱን ብቻ ይይዛል። ዝናብ ያርሰዋል፣ ነፋስ ያደርቀዋል። ሥሩ ስፖንጅ መሰል ነጭ ሽፋን ያለው ለዚህ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲደርቅ ወደ ብርማ ይመለሳል። የፋላኖፕሲስም ጠባይ ይኸው ነው። ተክሉ ግልጽ ፕላስቲክ ውስጥ የሚሸጠው ሥሩ እንዲታይ ስለሆነ፣ ቀን ቆጥሮ ከማጠጣት ሥሩን ማየት ይበልጣል። ብርማ ሲሆን ለአሥር ደቂቃ ያህል ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መንከር፣ ከዚያ ጥሩ አድርጎ ማንጠፍጠፍ። የሚያምረው የውጭ ማሰሮ ቀዳዳ ስለሌለው ከታች ውሃ ያቁራል፤ ሥሩ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። በቅጠሎቹ መሃል የቀረ ጠብታም በሶፍት መድረቅ አለበት።

የለንደን የቧንቧ ውሃ ኖራ ይበዛዋል፤ የሻይ ማንቆርቆሪያው ምስክር ነው። የዝናብ ውሃ ካለ የተሻለ ነው፣ ዝናብ ደግሞ በዚያ ከተማ ብርቅ አይደለም።

የለንደን ክረምት ሌላ ጣጣ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በሀበሻ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ በአሮጌዎቹ ቤቶች ደግሞ ማሞቂያው ብዙ ጊዜ ከመስኮቱ ሥር ነው። ብርሃን የሚገኝበት ቦታ ሥሩ የሚደርቅበትም ቦታ ይሆናል። ስለዚህ ማሞቂያ የሌለበትን፣ በተለይ ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት መምረጥ ይሻላል። እንቡጡ ሳይፈነዳ ከረገፈ ደግሞ ጎረቤቱ ይጠርጠር። የበሰለ ሙዝ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ጋዙም እንቡጥ ያረግፋል። ጭስም ይህንኑ ጋዝ ይይዛልና ኦርኪዱ ከረከቦቱና ከዕጣኑ ትንሽ ራቅ ቢል ቡናው አይቀርበትም።

አበባው ሲያልቅ ተክሉን የሚጥሉ ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ ያው ተክል እንደገና እንዲያብብ የሚበቃው ጥቂት ሳምንት ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት መሆኑ ነው፤ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ያህል። በመስከረም መጨረሻ ማሞቂያ ገና ያልተከፈተበት ክፍል ይህን በነፃ ይሰጣል።

የአገሩን ኦርኪድ የናፈቀ ሰው በዚያው በኬንቲሽ ታውን ዌስት ባቡር ወደ ምዕራብ ቢሄድ፣ ሳይቀይር ኪው ጋርደንስ የተባለው የዕፅዋት ተቋም ዘንድ ይደርሳል። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከፊሊፕ ክሪብና ከፊን ራስሙሰን ጋር ያዘጋጁትን የኢትዮጵያ ኦርኪዶች መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተመው ይኸው ተቋም ነው። ከደጋው ጫካ ከሚገኙት አንዱ ኤራንጊስ ብራኪካርፓ ነጭ ነው፤ ሽታው በሌሊት ይበረታል፣ የማር ቀንዱም ከ12 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ከከፋ ነቅሎ በሻንጣ ማምጣት ግን ያስቀጣል፤ የዱር ኦርኪድ ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር ዝርያዎች ንግድ ስምምነት ስለሚጠበቅ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዘር ያፈላው አትክልተኛ ዘንድ ይጠየቅ።