የተዘነጋው ቀኝ እጅ

ስለ ጃንጎ ራይንሃርት የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ከእሳቱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1910 ቤልጅየም ውስጥ ከማኑሽ ቤተሰብ የተወለደው ይህ ጊታሪስት በ1928 ይኖርበት የነበረው ባለ መንኮራኩር ቤት ሲቃጠል የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ክፉኛ ተጎዱ። ከዚያ ወዲህ ዜማውን በአብዛኛው በቀሩት ሁለት ጣቶች መጫወቱ እውነት ነው፤ ያስደንቃልም። ይሁንና ታሪኩ በተደጋገመ ቁጥር የሙዚቃው ምስጢር ሁሉ በግራ እጅ ላይ ያለ አስመስሏል። ጀማሪው የጣቶቹን አካሄድ ከሸክላ እየለቀመ ዓመታት ይደክማል፤ ድምፁ ግን ያንን ሙዚቃ አይመስልም።

የድምፁ ምንጭ ቀኝ እጅ ነው። መምቻው፣ ጊታሪስቶች ፒክ የሚሉት፣ ወፍራምና የማይለመጥ ነው። የእጅ አንጓ ይታጠፋል፤ መዳፉ የጊታሩን ገጽ ሳይደገፍ ይንሳፈፋል። ቁልቁል የሚወርደው ምት በእጁ ክብደት ይወድቅና ቀጥሎ ባለው አውታር ላይ ያርፋል። ወደ አዲስ አውታር የተሻገረ ሁሉ፣ የቀደመው ድምፅ በቁልቁል ምት ያለቀ ቢሆን እንኳ፣ እንደገና በቁልቁል ምት ይጀምራል። ቁልቁልና ሽቅብ እያፈራረቀ የለመደ እጅ ለዚህ ሕግ በቀላሉ አይገዛም።

ሕጉ ያለ ምክንያት አልጸናም። ጃንጎ ገና በወጣትነቱ በፓሪስ ጭፈራ ቤቶች ከአኮርዲዮን ጎን ባንጆ ይመታ ነበር። በ1934 ከቫዮሊኒስቱ ስቴፋን ግራፔሊ ጋር የመሠረቱት የሆት ክለብ ደ ፍራንስ ኩዊንቴትም ሦስት ጊታር፣ አንድ ቫዮሊንና አንድ ኮንትራባስ እንጂ ከበሮ አልነበረውም። ያለ ኤሌክትሪክ ማጉያ ለመሰማት የእጅ ክብደት ግድ ነበር። ዑድ በሪሻ ሲመታ ያየ የዛንዚባር ወይም የጅቡቲ አድማጭ ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም።

ዛሬ ስልቱ በመማሪያ መጻሕፍት በሥርዓት ተጽፎ ይገኛል። ይህ መልካም ነው፤ ከማኑሽና ከሲንቲ ቤተሰቦች ውጭ ላለ ተማሪ በሩን ከፍቷል። ቅሬታዬ መጻሕፍቱ ሕጉን ከምክንያቱ በመነጠላቸው ላይ ነው። በቤተሰቡ ውስጥ ልጅ ከአጎቱ ወይም ከወንድሙ ጎን ተቀምጦ በቅድሚያ የሚለማመደው «ላ ፖምፕ» የሚባለውን የአጃቢነት ምት ነው። ጃንጎ ራሱ ኖታ አያነብም ነበር። አጃቢነትን ዘልሎ ወደ ፈጣን ዜማ የሚሮጥ ተማሪ ቃላቱን አሟልቶ የአረፍተ ነገሩን ትንፋሽ እንደሚያጠፋ ተርጓሚ ይሆናል። ይህ በእኛ ሙያ በየቀኑ የምናየው ጉድለት ነው።

ስሙም ጥንቃቄ ይሻል። «ጂፕሲ» የሚለው ቃል ሕዝቡ ከግብፅ የመጣ መስሏቸው ሌሎች ያወጡለት ነው፤ ፈረንሳዮች «ጃዝ ማኑሽ» ማለታቸው ወደ ባለቤቶቹ ይቀርባል።

እንግዲህ ሊማር የሚሻ ሰው በ1937 የተቀረጸውን «ማይነር ስዊንግ» ያዳምጥ፤ በመጀመሪያ ግን ጆሮውን ለአጃቢዎቹ ጊታሮች ይስጥ። ከዚያ በአንድ አውታር ላይ ቁልቁል መውደቅንና ማረፍን፣ ያለ ችኮላ፣ ይጀምር።