እንግዳው የጻፈልን ንጉሥ
(በሃሪስ መጽሐፍ ላይ የቀረበ አጭር ሂስ)

ባለፈው ሰሞን በክበባችን ስለ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን «ያ በሙዚቃ ሳጥን የተደለለው ንጉሥ!» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ስቀን ስናበቃ ግን አንድ ጥያቄ መጣብን፤ ለመሆኑ ይህን ሥዕል ከየት አገኘነው?

ያገኘነው ከእንግዳው ነው። ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምባይ ተልኮ፣ ከታጁራ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አንኮበር ገባ። ያየውንም በሦስት ቅጽ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1844 አሳተመ። መጽሐፉ ጥቅም የለውም አንልም። ስለ ገበያውና ስለ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የሚሰጠው ዝርዝር ዛሬም ይጠቅማል። ጉድለቱ የሚጀምረው ከቅርጹ ነው። ቋንቋው እጅግ ያጌጠና የተነፋ ነው። ገጸ ባሕርያቱም እንደ ልብ ወለድ ተከፋፍለዋል፤ እንግሊዞቹ ሰጪ፣ ንጉሡ ተቀባይ። ንጉሡ በስጦታ ሲደሰት እንጂ ሲያስብ ብዙም አይታይም። ደራሲው ለላኩት ጌቶቹ «ተሳክቶልኛል» ማለት ነበረበትና ይህ አይገርምም።

እስቲ ወሬውን ትተን ሥራውን እንይ። ሣህለ ሥላሴ በኅዳር 1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1835 ዓ.ም.፣ ከፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ጋር ሌላ ውል አደረገ። ታዲያ የተደለለ ሰው እንዲህ ያደርጋል እንዴ? ለንጉሡ የሚያስፈልገው ጠመንጃ ነበር። ጠመንጃውን ተቀበለ፤ አገሩን ግን ለማንም አላስረከበም። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ አንኮበር ሣር ላለመሆን ሁለቱንም ዝሆን በደጇ አቆመች። በአገር ውስጥም ቢሆን ራሱን ንጉሥ አለ እንጂ ንጉሠ ነገሥት አላለም፤ ከሰሜኑ መሳፍንት ጋር አጉል እልህ አልተጋባም።

የልጅ ልጁም ይህን ያውቅ ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው ልቼ፣ ምኒልክ ድንጋይ ተሸክሞ ለአፄ ዮሐንስ ገባ። ንጉሠ ነገሥት መባሉን ተወ፣ ግብር ለመክፈልም ተስማማ፤ የሸዋን ዘውድ ግን ይዞ ቀረ። በ1881 ዓ.ም. በውጫሌ ውል ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ አማርኛ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር «ይቻላል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው «ግዴታ ነው» አለ። የአንዲት ግሥ ልዩነት እስከ ዓድዋ አደረሰች። ሥነ ጽሑፍ ለምን ትማራላችሁ የሚሉን ይህን ይስሙልን!

ይሁንና የሃሪስን ሥዕል ገልብጠን ሌላ ውዳሴ አንጻፍ። ሸዋ ለለንደን ትንሽ ነበረች፤ በዙሪያዋ ላሉት ኦሮሞዎች ግን ትንሽ አልነበረችም። ሃሪስ ራሱ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ከብት ሲነዳ፣ ሰው ሲማረክ አይቶ ጽፏል። እነዚያን ገጾች ስናነብ አንዳችንም አልሳቅንም። ከትልቁ ጎረቤት ፊት ብልሃት ያልነው ነገር፣ ወደ ታናሹ ጎረቤት ሲዞር ጠመንጃ ሆነ። እንግዲህ ትንሽ መሆን ብቻውን ጽድቅ አይደለም። የትንሽ መንግሥት ጥበብ ሲመዘን፣ ከሱ ያነሰውን እንዴት እንደያዘም መጠየቅ አለበት።

የቀረን ቁም ነገር ይህ ነው፤ ውሉን ንጉሡ ፈረመ፣ መጽሐፉን ግን እንግዳው ጻፈው። እኛም በእንግዳው ዓይን አይተን በራሳችን ሰው ሳቅን። የተማረኩት ሰዎች ደግሞ ውልም መጽሐፍም አልነበራቸውም። ከአንኮበር፣ ከአልዩ አምባ፣ ከደብረ ብርሃን ዙሪያ የመጣችሁ ጓዶች፣ ሽማግሌዎች የሚሉትን ጠይቃችሁ ለሚቀጥለው እትም አምጡልን። የዘመተውም የተዘመተበትም ልጅ ይጻፍ።