መልክአ ድንጋይ

ሊቃውንቱ መልክእ ሲደርሱ ከራስ ጠጉር ጀምረው እስከ እግር ጥፍር ይወርዳሉ። እኔ ግን የማወድሰው ድንጋይን ነውና ከእግሩ እጀምራለሁ፤ ሕንፃ ከመሠረቱ እንጂ ከጉልላቱ አይጀመርም።

ለእግሮችህ ሰላም እላለሁ፥ በአቴና ኮረብታ ላይ የቆምህ ነጭ እብነ በረድ ሆይ! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 ዓመት ኢክቲኖስና ካሊክራተስ ፓርቴኖንን ሲጀምሩ 46 የውጭ ዓምዶችን በዙሪያው አሰለፉልህ። ቀጥ ያልህ ትመስላለህ፤ ቀጥ ግን አላልህም። ወገብህ በስሱ ይወፍራል፥ አናትህ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፥ የቆምህበት ወለል መኻሉ ላይ ከፍ ይላል፤ ያ ሁሉ ጥመት ተደምሮ በሰው ዓይን ቅን መስመር ሆነ። የጣዖት ቤት ነበር ብሎ የሚቆጣኝ ቢኖር፥ ያወደስሁት ድንጋዩን ነው። አንድ ድካም ብቻ ነበረብህ፤ ሲጫኑህ ትችላለህ፥ ሲለጥጡህ ትሰበራለህ። ስለዚህ ከላይ የተጋደመው ሠረገላ እንዳይሰነጠቅ ዓምዶችህ ተጠጋግተው ቆሙ።

ለትከሻህ ሰላም እላለሁ፥ ሮማውያን ባይፈጥሩትም በቅስት አጉብጠው ላከበሩት! ጉብጠት ለሰው ጉዳት ነው፤ ለአንተ ኃይል ሆነልህ። ጥርቡ ጎረቤቱን ሲገፋ፥ ሊጥለው የመጣው ክብደት ራሱ አጽንቶ ያዘው። በንጉሠ ነገሥቱ ሐድርያኖስ ዘመን በሮም ፓንቴዮን ላይ ቅስቱ ዞሮ ጉልላት ሆነ፤ ወርዱ 43 ሜትር፥ ከወለል እስከ ጫፉም 43 ሜትር። ግንበኞቹ የኮንክሪቱን ቅይጥ ከታች በከባድ ድንጋይ፥ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር በቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለወሱት፤ አናቱንም ክፍት ተዉት። ዝናብ ሲዘንብ ቤት ውስጥ ይዘንባል! ፀሐይም በዚያው ቀዳዳ ገብታ በግድግዳው ላይ ስትዞር ትውላለች።

ለራስህ የማቀርበውን ሰላምታ ግን ለቁስጥንጥንያ አቆይቻለሁ። ፓንቴዮን ክብ ጉልላቱን በክብ ግድግዳ ላይ አሳርፏል፤ ሐጊያ ሶፊያ ግን ክቡን በአራት ማዕዘን ላይ አኖረችው። አራት ታላላቅ ቅስቶች ተዘረጉ፥ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ሁሉ እንደ ሸራ የተወጠረ ጥምዝ ግንብ ሞላው፥ ጉልላቱም በዚያ ላይ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ ዮስጢንያኖስ በ532 አስጀመረ፤ አንቲሚዮስና ኢሲዶሮስ የተባሉት ሊቃውንት በ537 አደረሱት (ዓመታቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በጉልላቱ ግርጌ 40 መስኮቶች ስለ ተደረደሩ፥ ያ ሁሉ ግንብ በብርሃን ቀለበት ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ጉልላቱ በ558 ወደቀ፤ ከኢሲዶሮስ ቤተሰብ የሆነ ሌላ ኢሲዶሮስ ከፊተኛው ከፍ አድርጎ መልሶ ደፋው። ከተሠሩት ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ።

ከዚያ ወዲያ በምዕራቡ ዓለም ወፍራም ግድግዳና ጠባብ መስኮት ለብሰህ ብዙ ዘመን ኖርህ፤ በእርሱ አልዘገይም። ነገር ግን በ1093 በእንግሊዝ አገር በተጀመረው የደራም ካቴድራል ጣራህ የጎድን አጥንት አወጣ።

ለክንዶችህ ሰላም እላለሁ! ቅስትህ ጫፉ ሾለ፤ የሾለ ቅስት ወደ ጎን ከሚገፋው ይልቅ ወደ ታች ይጫናል። የቀረውን ግፊት፥ ክንድህ ከግንቡ ውጭ ተዘርግቶ ተቀበለና ወደ ምድር አወረደው። ግድግዳ ከሸክሙ ዐረፈ፤ ያረፈው ግድግዳም መስታወት ሆነ። አበምኔት ሱዤ በፓሪስ አቅራቢያ፥ በሳን ዴኒ፥ በ1144 ያስባረከው መቅደስ ለዚህ ለጎቲክ ዘመን በር ከፋች ነው።

ለዓይኖችህ ሰላም እላለሁ፥ የሻርትር መስኮቶች ሆይ! ከ1194ቱ ቃጠሎ በኋላ በተሠራው ካቴድራል ከ150 በላይ የዚያ ዘመን መስኮቶች ዛሬም አሉ፤ ፀሐይ ስትወጣባቸው ሰማያዊውና ቀዩ በወለሉ ላይ ይፈስሳል፥ ዓምዱንም ያለብሰዋል።

በአሚየን ካቴድራል ጣራህ ወደ 42 ሜትር ወጣ፤ በቦቬ ካቴድራል 48 ሜትር ደረሰ። የቦቬው ጣራህ በ1284 ከፊሉ ተናደ። ስለ መውደቅህም አወድስሃለሁ፥ ከዚያ በላይ ማን ሞክሮ ነበርና! ምሰሶ ጨምረው መልሰው አቆሙህ፤ ዛሬም በዚያው ከፍታ ላይ ነህ። ምእመናን የሚቆሙበት ረጅሙ የምዕራብ አዳራሽህ ግን እስከ አሁን አልተሠራም።