ሁለት ምንጮች፣ ሁለት ስኮትላንዳውያን፦ በኢ-ልቦለድ ውስጥ ስለ «ማግኘት»

የስኮትላንድ ሥነ ጽሑፍ ሲነሣ ለተማሪ ቶሎ ትዝ የሚለው ገጣሚው ሮበርት በርንስ ወይም ልቦለድ ጸሐፊው ዋልተር ስኮት ነው። ኢ-ልቦለዱ ወደ ታሪክ ወይም ወደ ጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል የሚሸኝ እንግዳ ይመስል ከደጅ ይቀራል። ይሁን እንጂ ስኮትላንዳውያን ስለ አገራችን ከጻፏቸው ሁሉ ምናልባት ይበልጥ የታወቀው ኢ-ልቦለድ ነው፤ ይኸውም በ1790 በኤድንበራ በአምስት ቅጾች የታተመው የጄምስ ብሩስ የዓባይ ምንጭ ፍለጋ ጉዞ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ብሩስን እዚህ ከአንዲት የአገሩ ልጅ፣ ከናን ሼፐርድ ጋር አጎራብቼ ለማየት እሞክራለሁ። የሚያገናኛቸው ሁለቱም ወደ አንድ ወንዝ ምንጭ ወጥተው ያዩትን መጻፋቸው ነው።

ብሩስ ግሽ የደረሰው በኖቬምበር 1770 ነው። የትረካው አወቃቀር ወደዚያች ቀን የሚያዘነብል ነው፤ የጎንደር ቤተ መንግሥት ሤራም ሆነ የራስ ሚካኤል ጦርነት ከግቡ የሚያዘገይ መሰናክል ሆኖ ይቀርባል። ከምንጩ ሲደርስ በኮኮናት ቅርፊት ዋንጫ ውሃ ቀድቶ ለንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ጤና ይጠጣል። ብዙም ሳይቆይ ግን ትካዜ ይወድቅበታል። በእኔ ግምት ከአምስቱ ቅጾች ምርጡ ክፍል ይህ ነው፤ ፈላጊው የፈለገውን አግኝቶ ባዶነት ሲሰማው እናያለንና።

ችግሩ የሚጀምረው «የመጀመሪያው እኔ ነኝ» ከሚለው ላይ ነው። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ ጽፏል፤ ብሩስ ግን ይህን ለማስተባበል ብዙ ገጽ ይፈጃል። (የግሽ ሰዎች ምንጫቸውን «እስኪያገኙላቸው» እንዳልጠበቁ መናገር አያስፈልግም።) ከዚህም የሚከፋ አለ። አብሮት የተጓዘው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በብሩስ ትረካ ከግሽ ጉዞ በፊት ሞቷል፤ የሠዓሊው የራሱ ማስታወሻ ግን ግሽ እንደነበረ ያሳያል። ለንደን ብሩስን የሣቀበት ጥሬ ሥጋ ሲበላ አየሁ በማለቱ ነበር። ቁርጥ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ምኑም አያስደንቅ፤ ከቁም ላም ተቆርጦ ነው ማለቱ ሌላ ክርክር ነው። የሚያስተዛዝበው አጠገቡ የቆመን ሰው ከሥፍራው መሰረዙ ነው። በልቦለድ ቢሆን ደራሲ ገጸ ባሕርይን መግደል መብቱ ነው። ኢ-ልቦለድ ግን በጸሐፊና በአንባቢ መካከል ያለ የእምነት ውል ነውና፣ እዚህ ውሉ ፈርሷል።

ናን ሼፐርድ (1893–1981) በአበርዲን የመምህራን ማሠልጠኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበረች። ከ1928 እስከ 1933 ሦስት ልቦለዶች አሳትማለች። «ሕያው ተራራ» ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን ስለ ኬርንጎርም ተራሮች የሚናገረውን መጽሐፏን የጻፈችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመጨረሻ ዓመታት ነው። ጓደኛዋ ልቦለድ ጸሐፊው ኒል ገን ረቂቁን አነበበላት፤ አንድ አሳታሚ ግን አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ ረቂቁ ከመሳቢያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ያህል ተኝቶ፣ በ1977 በአበርዲን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ። ብዙ አንባቢ ያገኘው ደግሞ የኤድንበራው አሳታሚ ካኖንጌት ከ1996 ጀምሮ ደጋግሞ ካወጣው ወዲህ ነው። በ2016 የሼፐርድ ምስል በሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ የአምስት ፓውንድ ኖት ላይ ታተመ። ምነው ቢሉ፣ የአገር ሥነ ጽሑፍ በደራሲ ብቻ አይቆምም፤ የታተመውን እየቆፈረ የሚያወጣ አሳታሚም ይሻል።

መጽሐፉ አሥራ ሁለት አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ ከአምባው ተነሥቶ በውሃ፣ በበረዶ፣ በብርሃን፣ በዕፅዋትና በእንስሳት በኩል አልፎ «መሆን» በሚል ምዕራፍ ያበቃል። የጉዞ ቅደም ተከተል የለውም። ስለ ውሃ በሚናገረው ምዕራፍ የዲ ወንዝ ከሚመነጭበት ከብራሪያክ አምባ ትደርሳለች፤ ከፍታው ከ1,200 ሜትር በላይ ነው። ወንዝን ያላዩት ከምንጩ ከሆነ አላወቁትም ባይ ናት፤ ሆኖም ምንጩ የምዕራፉ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። ከዚያ ወደ ውሃው ጥራት፣ ወደ ድምፁ፣ ወደሚያስፈራው ኃይሉ ትሻገራለች። ማንም ቀድሟት ቢሆን ግድ አይሰጣትም። ስለዚህም የምትደብቀው ሰው የላትም።

እርግጥ ይህ አጻጻፍ እንከን አልባ አይደለም። ለሰው የተሰጠው ምዕራፍ አንድ ነው፤ ተራራው የማን ርስት ነው የሚለውን ጥያቄም በጥልቀት አትገባበትም። በዚህ ረገድ ስለ ገዥና ተገዥ፣ ስለ ሹምና ወታደር ብሩስ እጅግ ይበልጣታል። የጎንደርን ዘመነ መሳፍንት የሚያጠና ሰው ባሉጋኒን አስታውሶ እየተጠራጠረ ብሩስን ማንበብ ግድ ይለዋል።

ሁለቱ ባላሰቡት የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ግሽ ላይ መንገድ መሪው ወልዶ፣ ቦታው የተቀደሰ ነውና ጫማህን አውልቅ ይለዋል። ብሩስ አውልቆ ቁልቁል ይሮጣል፤ በአበቦቹ ሥር ላይ እያዳለጠው ሁለት ጊዜ ክፉኛ ይወድቃል። ሼፐርድም ስለ ስሜት ሕዋሳት በጻፈችው ምዕራፍ ባዶ እግሯን ትሄዳለች፤ እሷ ግን ቀስ ብላ ነው፣ መሬቱን በእግሯ ለማወቅ።