ልብ ወለዱን ከታሪኩ ጎን

«ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሣ የአብዛኛው አንባቢ ልብ ወደ በዛብህና ወደ ሰብለ ወንጌል ይሮጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ግን የሁለት ወጣቶች ዕንባ ብቻ አይደለም። የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ከልማድ ያለፈ ግብር ሲጠይቁ ባላገሮቹ እምቢ ይላሉ። ጌታው በኃይል ሊያስገብሩ ይዘምታሉ፤ አበጀ በለው በሚመራቸው በነዚያው ባላገሮች እጅም ይማረካሉ። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን ክፍል አስበልጣለሁ። ፉከራው፣ ዝግጅቱና ውርደቱ ተከታትለው ሲመጡ ሥርዓቱ ሲንገዳገድ በዓይናችን እናያለን። ሥርዓቱን የሚተቸው የጉዱ ካሣ ንግግሮች ግን አንዳንዴ ይረዝማሉ፤ ሰውየው ቀርቶ ደራሲው ሲሰብኩ የሚሰማበት ገጽ አለ።

ልብ ወለዱን ለሚደግም ሰው የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» አብሮ እንዲያነብ እመክረዋለሁ። ጸሐፊው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው ይህ ሥራ አገር በምን እንደምትበለጽግና በምን እንደምትደኸይ ይመረምራል፤ መልሱንም በሥራ፣ በዕውቀትና በንግድ ውስጥ ይፈልጋል። ጉዱ ካሣ በምሬት የሚናገረውን ነጋድራሱ በረጋ ስሌት ያስረዳሉ። የሚጎድላቸው የሰው ፊት ነው፤ ገበሬያቸው ስምም ቤተሰብም የለውም። እሱን ሐዲስ ይሞሉላቸዋል።

የበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ በ1976 ዓ.ም. ደራሲው ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህ ዕጣ ሐያሲውን ለመጽሐፉ እንዲያዳላ ያደርገዋል። የዋናው ገጸ ባሕርይ ፍቅረኛ ፊያሜታ ውበቷ በዝቶ ሰውነቷ ያነሰባት ገጸ ባሕርይ ናት፤ የስለላው ታሪክም ይቻኮላል። ለደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ቅስቀሳ አሥመራ የገባው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለ ማርያም ወደ ናቅፋ ተራሮች ሲቃረብ ግን ጽሑፉ ይለወጣል። መፈክሩ ይከስማል፤ የሚሞቱት ልጆች ይቀራሉ። ለዚህ ክፍል ስል የቀረውን ድክመት ሁሉ እችላለሁ።

በዚያ በደርግ ዘመን ላይ የተጻፉ ብዙ ትዝታዎች ጥፋቱን ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ ይገፋሉ። ደርግን ይቃወም የነበረው የኢሕአፓ ድርጅት አባል የነበረችው ሕይወት ተፈራ በ«ማማ በሰማይ» እንዲህ አታደርግም። የምትወደው ጌታቸው ማሩ የተገደለው በገዛ ድርጅቱ ሰዎች እጅ ነው፤ እሷም ይህን ሳትሸሽግ፣ ያመነችበትንም ዓላማ ሳታንቋሽሽ ትጽፋለች። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ነው፤ ይዛዋለች።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ብዙዎች ጀምረው የሚተዉት መጽሐፍ ነው፤ ቋንቋው ይከብዳል። ንግግሮቹ ለጆሮ የተጻፉ ስለሆኑ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ብዙውን ችግር ያቃልላል።