ቃል የተመታባቸው ቴምብሮች

የፓርክላንድስ ነዋሪ የሆኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ባሰናዱት የቴምብር አልበም ውስጥ የክብሩን ገጽ የያዙት፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ‹‹ቦስታ›› የሚል ቃል በእጅ ማኅተም ተመቶባቸዋል የተባሉ የዳግማዊ ምኒልክ ቴምብሮች ናቸው። ምርጫው አልተዋጠልኝም።

ቴምብሮቹ በ1894 ፓሪስ ታተሙ። ቀራጩ ኤዤን ሙሾን፣ ኦቦክን ጨምሮ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የተገለገሉበትን የ1892 ቴምብርም የቀረጸ ሰው ነውና፣ የእርሱን ስስ መስመር አስመስሎ መሥራት ቀላል አይደለም። በላዩ የተመታው ቃል ግን ሌላ ነገር ነው። እውነተኛው ራሱ አንዴ ደምቆ፣ አንዴ ደብዝዞ፣ አንዴም ተጣሞ ያረፈ በመሆኑ ሐሰተኛው መሸሸጊያ አያጣም፤ ቃል ያልተመታበትን ርካሽ ቴምብር ገዝቶ አንዲት ማኅተም ማሳረፍ ይበቃዋል። የጄኔቫው ፍራንስዋ ፉርኒዬ የቅኝ ግዛት ቴምብሮችን ከነተደራቢ ጽሑፋቸው እያስመሰለ በይፋ ይሸጥ ነበር። እኛ ደግሞ ፊደሉ የራሳችን ሲሆን ልባችን ቶሎ ይሞቃል፤ መጠርጠሩም ነውር ይመስለናል።

ክብሩ ይገባ የነበረው በአልበሙ መጨረሻ ላለችው አሮጌ ፖስታ ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ስላልነበረች፣ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ከምኒልክ ቴምብር ሌላ የፈረንሳዮቹን የጅቡቲ ቴምብር ይሻ ነበር። እንዲህ ያለውን ፖስታ ለማስመሰል የሐረሩን ቀን፣ የጅቡቲውን ቀን፣ ከቴምብሩ ወደ ወረቀቱ የሚሻገረውን ቀለም ሁሉ ማስማማት ግድ ይላል። ሰብሳቢው ግን ሁለቱ ቴምብሮች በፊት ለፊት እንዲታዩ ሲሉ፣ የመድረሻው ቀን የተመታበትን ጀርባዋን ከገጹ ጋር በሙጫ አጣብቀውታል።